ውጭ ተምራችሁ ሐዋሳ ለተመለሳችሁ ሐኪሞች፦ የሙያ ፈቃድ አወጣጥ ከሰነድ እስከ አቤቱታ

ቻይና፣ ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ሱዳን፣ ኩባ፣ ሕንድ። ከእነዚህ አገሮች ሕክምና ተምረው ወደ ሐዋሳ የሚመለሱ ልጆች አሉ። ቤተሰብ "ዶክተራችን መጣልን" ብሎ ይደግሳል። ድግሱ ካለፈ በኋላ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ሥራ መቼ ነው የምትጀምረው? መልሱ በሙያ ፈቃዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ላስቀምጥ። ውጭ የተማረ ሐኪም እዚህ ከተማረው እኩል መፈተን አለበት። አዳሬ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የገባች ነፍሰ ጡር ሐኪሟ የት እንደተማረ የመጠየቅ ዕድል የላትም። ስለዚህ "ፈተናው ይቅርልን" የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። በዚያው ልክ ደግሞ መለኪያው አስቀድሞ የታወቀ፣ ለሁሉም አንድ የሆነና መልሱ በጽሑፍ የሚሰጥበት መሆን አለበት። ሰውን የሚሰብረው ምክንያቱ ሳይነገረው ወራት ሙሉ "ቆይተህ ና" መባሉ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ የእናንተን ድርሻ እንከን የለሽ አድርጋችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ የፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት ድርሻ በጽሑፍ ጠይቁ።

1. ከተማራችሁበት አገር ሳትወጡ

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዴ አዲስ አበባ ካረፋችሁ በኋላ ቤጂንግ ወይም ሞስኮ ካለ ሬጅስትራር አንዲት ደብዳቤ ማስመጣት ፈተና ነው። በእጃችሁ መያዝ ያለባችሁ እነዚህ ናቸው፦

- የዲግሪው ኦርጅናል። ቻይና የተማራችሁ ሁለት ወረቀት እንደሚሰጣችሁ አትርሱ፤ የዲግሪ ሰርተፍኬትና የምረቃ ሰርተፍኬት ለየብቻ ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ መምጣት አያዋጣም።
- ሰዓቱ ወይም ክሬዲቱ የተጻፈበት ትራንስክሪፕት፣ ከተቻለም የየኮርሱ ይዘት ማኅተም ተደርጎበት።
- የኢንተርንሺፕ (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ደብዳቤ። "ኢንተርንሺፕ አጠናቋል" የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። በየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በየትኛው ሆስፒታል እንደሠራችሁ ይዘርዘር። ሎግ ቡካችሁን፣ ማለትም በልምምድ ላይ የሠራችሁት የተመዘገበበትን ደብተር፣ አትጣሉ።
- እዚያ አገር ፈቃድ አውጥታችሁ ከነበረ ፈቃዱና ምንም የዲሲፕሊን ጉድለት እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ።
- ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠ የሚገልጽ ማረጋገጫ።
- የድሮው ፓስፖርት።

ፓስፖርቱ ያስፈልጋል ብሎ ሰው አይገምትም። ግን አሮጌው ፓስፖርት ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ ማኅተም በአካል የት እንደነበራችሁ ይመሰክራል። ቻይና በኮቪድ ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም ጀምሮ ድንበሯን ዘግታ፣ ለተማሪዎች ቪዛ መስጠት የጀመረችው ነሐሴ 2014 ላይ ነው። በዚያ ጊዜ እዚያው የቀሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ አገር ቤት ሆነው በኦንላይን የተማሩም ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም። እዚያው ቆይታችሁ ሆስፒታል ውስጥ ከሠራችሁ የሚመሰክርላችሁ ፓስፖርታችሁ ነው።

ከሱዳን ለመጣችሁ ነገሩ ይከብዳል። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ብዙዎች የወጡት በለበሱት ልብስ ነው። በስልካችሁ፣ በኢሜይላችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር የቀረውን ሁሉ ሰብስቡ፤ የተማሪ መታወቂያ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የፈተና ውጤት ፎቶ፣ እዚያ "ኢምቲያዝ" የሚባለውን የአንድ ዓመት ልምምድ ከሠራችሁ የምደባ ወረቀቱን። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር አዛውሮ እንደሆነም አጣሩ። እነዚህ ዲግሪውን አይተኩም። ሆኖም ጉዳያችሁን በማስረጃ ለማስረዳት መነሻ ይሆናሉ።

2. ስምና የልደት ቀን

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ፋይል የምታስቆመው ግን እሷ ናት።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለ ቤተሰብ ስም ፎርሙ አይሞላለትም። ስለዚህ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ አንዳንዱ ላይ አያት ጭራሽ ይጠፋል። ሩሲያ ለተማሩ ሌላ ጣጣ አለ። ራሺያኛ የእኛን "ሀ" በትክክል የሚተካ ፊደል ስለሌለው ኃይሉን "ኻይሉ" ብለው ይጽፉታል። ዲፕሎማው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ከፊቱ "ኬ" ይጨመርበታል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው በ"ኤች" ይጀምራል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ቀበሌ በሰጠው ወረቀት ላይ የሰፈረው 1990 ዓ.ም፣ ሳይቀየር የዩኒቨርሲቲው ፎርም ላይ ከተገለበጠ ሰባት ስምንት ዓመት ዕድሜ ይጨምራል።

መፍትሔው ይህ ነው። ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የፋይዳ መታወቂያውን ጎን ለጎን ዘርጉ። በእርሳስ እያንዳንዱን ፊደልና ቀን አመሳክሩ። ልዩነት ካገኛችሁ ዩኒቨርሲቲው የፓስፖርት ቁጥራችሁን ጠቅሶ "ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው" የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላልና ቀድማችሁ ጀምሩት። የሐዋሳ ልጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ፤ የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የወጣ የቀበሌ ወረቀት የደቡብ ክልል አርማ ነው ያለበት። ወረቀቱ ልክ ነው። ግን አዲሱን የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት ከጥያቄ ያድናል።

3. ትርጉምና ማረጋገጫ

ሰንሰለቱ ተከታታይ ነው። መጀመሪያ የተማራችሁበት አገር የትምህርት ወይም የኖታሪ አካል፣ ቀጥሎ የዚያ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ያንን አገር የሚሸፍነው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። አንዱን ዘላችሁ ከመጣችሁ ቀጣዩ አይቀበላችሁም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ "አፖስቲል (ሰነድ ሌላ አገር እንዲታወቅ የሚደረግበት ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ) በቂ ነው" ይላችኋል። እናንተ ግን የኤምባሲያችንን ማኅተም ጨምሩበት።

ትርጉሙን በታወቀ ተርጓሚ አሠሩ፤ ኦርጅናሉና ትርጉሙ አንድ ላይ ተያይዘው ይታተሙ። ሁሉንም ነገር በቀለም ስካን አድርጋችሁ በኢሜይልም በፍላሽም አስቀምጡ። ኦርጅናል ለማንም አትስጡ፤ ለማመሳከር አሳይታችሁ መልሳችሁ ተቀበሉ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለእያንዳንዷ ፊርማ መመላለስ ኪስ ይጎዳል። አዲስ አበባ የምታምኑት ሰው ካለ ሐዋሳ ላይ ውክልና ስጡት። "ጉዳዬን እንዲከታተል" ብላችሁ በጥቅሉ አትተዉት። ሰነድ እንዲያስገባ፣ እንዲቀበል፣ ክፍያ እንዲፈጽም፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ የጽሑፍ መልስ እንዲወስድ ተብሎ ይዘርዘር። ለደላላ ግን ውክልና አትስጡ። "ሰው አውቃለሁ፣ በሳምንት አስጨርሳለሁ" የሚል ሰው ከገንዘባችሁ ይልቅ ስማችሁን ነው የሚያበላሸው። ፋይላችሁ ውስጥ አንድ የተጭበረበረ ወረቀት ከተገኘ የስድስት ዓመት ልፋታችሁ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

4. የአቻ ግምት

ዲግሪያችሁ እዚህ አገር ከሚሰጠው የሕክምና ዶክትሬት ጋር እኩል መሆኑን የሚወስነው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ቀድሞ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ነው። ሰው አሁንም በድሮ ስሙ ይጠራዋልና አትደናገሩ።

አቻ ግምት ማለት የሙያ ፈቃድ ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ የሚያየው ዩኒቨርሲቲው በአገሩ እውቅና ያለው መሆኑን፣ የትምህርቱን ርዝመትና ደረጃ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲያችሁ በዚያ አገር መንግሥት እውቅና እንደነበረው የሚያሳይ ማስረጃ ቀድማችሁ አዘጋጁ። የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ ስሙ መኖሩንም ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ገጹን አትሙት። ማውጫው ውስጥ መገኘት በራሱ እውቅና ባይሆንም ይጠቅማል። ልጃቸውን ለመላክ ያሰቡ ወላጆች ይህን ካነበባችሁ፣ ይቺን ፍተሻ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉ። ኤጀንት ያሳያችሁን ብሮሹር አትመኑ።

5. የኢንተርንሺፕ ጥያቄ

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እዚህ አገር የሚማር ተማሪ የመጨረሻውን ዓመት ኢንተርን ሆኖ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወረ ይሠራል። ሐዋሳ ላይ "ሪፈራል" የምንለው የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሆነው የሚሮጡትን ልጆች ያየ ይህ ዓመት ምን ያህል ሐኪም እንደሚሠራ ያውቃል።

ውጭ ግን አሠራሩ ይለያያል። ሕንድ አራት ዓመት ተኩል ትምህርት ሲሆን አንድ ዓመት ግዴታ የሆነ ኢንተርንሺፕ አለው። ኩባ ስድስተኛው ዓመት ራሱ የኢንተርን ዓመት ነው። ሩሲያ ስድስቱም ዓመት ትምህርት ነው፤ ተግባራዊ ልምምዱ በየዓመቱ ተበታትኖ ይሰጣል እንጂ እንደኛ ለብቻው የተለየ ዓመት የለውም። ዩክሬን ደግሞ "ኢንተርናቱራ" የሚሉት ልምምድ ከምረቃ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 2014 ሲጀመር ሳይደርሱበት የወጡ አሉ።

ስለዚህ ሁለት ሰዎች "ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ" ሲሉ የተለያየ ነገር እያሉ ሊሆን ይችላል። ፍትሐዊ የሚባለው መለኪያ አገሩን አይቶ የሚፈርድ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው በየክፍሉ ስንት ሳምንት እንደሠራ የሚቆጥር ነው። እናንተም በዚሁ ቋንቋ ተናገሩ። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ክፍሉ፣ ሆስፒታሉ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ሳምንት፣ ማስረጃው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ። ከሠንጠረዡ ሥር በሐቀኝነት ጉድለቱን ጻፉ። "በማህፀንና ጽንስ የሠራሁት 4 ሳምንት ነው፤ የጎደለውን እዚህ እንዳሟላ እጠይቃለሁ።" እንዲህ ያለ ማመልከቻ ለሚወስነው ሰውም ሥራውን ያቀልለታል። ጉድለትን በልምምድ ማካካስ ሌላ አገርም የታወቀ መንገድ ነው። ሕንድ በኮቪድና በጦርነት ትምህርታቸው ለተስተጓጎለ ዜጎቿ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ሳታስቀር የኢንተርንሺፑን ጊዜ ከአንድ ወደ ሁለት ዓመት አራዝማ መንገድ ከፍታላቸዋለች።

ልምምድ እንድትሠሩ ከተወሰነ የምደባ ደብዳቤ በእጃችሁ ሳይገባ በትውውቅ ሆስፒታል ገብታችሁ አትጀምሩ። ያለ ደብዳቤ የሠራችሁት ወር ላይቆጠርላችሁ ይችላል። አንድ ስህተት ቢፈጠር ደግሞ ከለላ የላችሁም።

6. ፈተናው

ሰው "ሲኦሲ" የሚለው አገር አቀፍ የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በጤና ሚኒስቴር ሥር ይሰጣል። እዚህም የተመረቀ ይፈተናል። ሚኒስቴሩ የሚያወጣውን የፈተና ይዘት ዝርዝር አግኙና ከዚያ ተነሱ።

ውጭ የተማረን ሰው የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የዕውቀት ማነስ አይደለም። የተማረበት በሽታ እዚህ ካለው ይለያል። ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ የተማረ ልጅ የልብ ድካምን አሳምሮ ያውቃል፤ ወባ ግን በመጽሐፍ ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ወባ እዚህ የየቀኑ ሥራ ነው። ስለዚህ ከወፍራሞቹ መጻሕፍት በፊት ብሔራዊ መመሪያዎቹን አንብቡ። ለከባድ ወባ አርቴሱኔት በደም ሥር እንደሚሰጥ፣ ለአዲስ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ 2 ወር አራት መድኃኒት ከዚያ 4 ወር ሁለት መድኃኒት መሆኑን፣ የሕፃን ክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት መሆኑን፣ ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) ማግኒዚየም ሰልፌት መስጠትን እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ብትጠየቁ መመለስ አለባችሁ።

የሚረሳው ሌላው ነገር የጤና ሥርዓታችን ነው። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሪፈር አደራረግ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ። እዚህ የተማረ ልጅ በመስክ ልምምድ ኖሮበታል። እናንተ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛ ካለቻችሁ ግማሽ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስረጂን በሏት።

ብቻችሁን አታጥኑ። የሪፈራል ኢንተርኖችም የሚዘጋጁት ለዚሁ ፈተና ነው፤ ከእነሱ ጋር ተቀላቀሉ። እነሱ የአገሩን መመሪያ ያውቃሉ፣ እናንተ ሌላ አገር ያያችሁትን ታካፍላላችሁ።

7. ምዝገባና ፈቃድ

አቻ ግምቱ፣ ልምምዱና የፈተናው ውጤት ሲሟሉ ምዝገባው ይቀጥላል። የቅርብ ጊዜውን የማሟያ ዝርዝር ፈቃዱን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከራሱ ውሰዱ፤ ጓደኛችሁ አምና የተጠየቀው ዘንድሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሐዋሳ ላይ መንግሥት ቤት ለመቀጠር ከዚያ በኋላ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮን የቅጥር ማስታወቂያ ትከታተላላችሁ።

ፈቃድ ሳይወጣ "ለልምድ ያህል ና፣ ትንሽ እንከፍልሃለን" የሚል የግል ክሊኒክ ቢመጣ እምቢ በሉ። አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ እንኳ አትፈርሙ። የቤት ኪራይ ሲጠጋ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያለ ፈቃድ ማከም ግን በሕግ ያስጠይቃል፤ በሽተኛንም ለአደጋ ያጋልጣል።

8. ነገሩ ሲቆም

"ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።" "ፋይሉ እየታየ ነው።" "ሲደርስ እንደውልላችኋለን።" እነዚህን ከሁለት ጊዜ በላይ ከሰማችሁ በቃል መጠየቁን አቁሙና መጻፍ ጀምሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ ቅሬታ የሚታይበት ሥርዓት እንዲኖረው፣ መመሪያዎቹም እንዲመዘገቡና ለሕዝብ እንዲገለጹ ያስገድዳል። ያልረካ ሰው ፍርድ ቤት ክለሳ መጠየቅ ይችላል። ሌሎች አገሮችም ወደዚሁ ነው የሄዱት። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሙያን የሚመዘግቡ አካላት አሠራራቸው ግልጽና ከአድልዎ የጸዳ እንዲሆን አስገድዳ፣ ይህን የሚከታተል ኮሚሽነር ሾማለች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ለፈቃድ ጉዳይ ብቻ የቆመ ኮሚሽነር የለም፤ ቢኖር እመኛለሁ። እስከዚያው አዋጁን እንጠቀምበት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ጉዳዩ፦ የጽሑፍ ውሳኔ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።
በቀን ... በገቢ ቁጥር ... የሕክምና ሙያ ምዝገባ ማመልከቻ ከነሙሉ ማስረጃው አቅርቤአለሁ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ስለሆነም ማመልከቻዬ ያለበት ደረጃ፣ የጎደለ ማስረጃ ካለ ምን እንደሆነ፣ ተቀባይነት ካላገኘ ደግሞ ምክንያቱና የተመሠረተበት መመሪያ ቁጥር በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።"

ሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉና ይዛችሁ ውጡ። ይህን ካላደረጋችሁ ነገ "አልደረሰንም" ሲባል የምታሳዩት የለም። ከሠራተኛው ጋር አትጨቃጨቁ። መስኮት ላይ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ውሳኔው በእጁ አይደለም፤ አክብሮት ካሳያችሁት የትኛው ክፍል ጋ እንደቆመ ይነግራችኋል።

መልስ ካልመጣ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ። ከዚያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ሐዋሳም ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፣ የመፍትሔ ሐሳብም ያቀርባል። ተቋሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ብላችኋል ወይ?" ነው፤ ማኅተም ያለባቸውን ኮፒዎች የሰበሰባችሁት ለዚህ ነው። ፍርድ ቤት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጊዜ ገደብ ስላለው የውሳኔው ደብዳቤ በእጃችሁ በገባበት ሳምንት ጠበቃ አማክሩ።

ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ብዙ ከሆናችሁ በጋራም ጻፉ፤ ግን የየግላችሁን ማመልከቻ አታቋርጡ። የጋራው ደብዳቤ መመሪያው እንዲስተካከል የሚጠይቅ ይሁን፤ የግሉ ደግሞ የእናንተ ፋይል እንዲወሰን።